ወይን ጠጅ ክር

ኦብዱሊያ ሳላስ በወንድሟ አዲስ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጣቷ የራሷን ስፌት አገኘ። ፈልጋው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ወንበር ስትሰፋ የኖረች ሴት የትም መኪና ውስጥ ስትገባ እጇ አርፎ አይቀመጥም፤ ጠርዙን ይዳስሳል፣ ቆዳው በደንብ መወጠሩን ይፈትሻል፣ የሌላ ሰፊን ሥራ ያማል። ዛሬም እንደ ልማዷ ጣቷን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ሰደደችና፣ ከግራጫው ቆዳ ሥር፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የተሰፋ፣ ጫፉ ወደ ግራ የተቋጠረ መዝጊያ ነካች። በሂውስተን ከተማ እንዲህ አድርጎ ስፌት የሚዘጋ ሌላ ሰው የለም። ከፊት ያሉት እንዳላዩዋት አረጋግጣ ቆዳውን በጥፍሯ ገለጥ አደረገችው። ክሩ ወይን ጠጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሚዘጋ ፋብሪካ ዕቃውን ሲያራግፍ ማንም ያልፈለገውን ወይን ጠጅ ክር፣ ጥቅሉን በሁለት ዶላር ሒሳብ፣ ካርቶን ሙሉ ገዝታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማይታይ ቦታ ሁሉ የምትሰፋው በእሱ ነው።

ከፊት ወንድሟ ኒካኖር ያወራል። መሪውን የያዘችው ልጁ ዩሪዲያ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ነርስነት ልትማር ሳን አንቶኒዮ ገብታለች፤ ነገ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ በዚሁ መኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ብቻዋን ትነዳለች፤ ከዚያም በየሳምንቱ እንደዚሁ። ኒካኖር ዕድሜውን ሙሉ ኮንክሪት ሲያለሰልስ የኖረ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ ከወንበር ሲነሳ ወገቡን የሚይዝ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አሥር ዓመት ቀንሶለታል። «ስሚው እስቲ ሞተሩን፣ ትንፍሽ አይልም» ይላል። «አሥራ አራት ሺህ የሚያወጣ መኪና በዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ። ለማን ነው እንዲህ የሚደረገው? ለአበልጅ ነው እንጂ።» ኦብዱሊያ «እውነትህን ነው» አለችና እጇን ከወንበሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ወንበሮቹን በደንብ ታስታውሳቸዋለች። ከሐምሌው አውሎ ነፋስ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው የመጡት፤ መኪናው ሳይኖር ወንበሩ ብቻ፣ በፒክአፕ ተጭኖ። የመኪና ነጋዴው የቴዮ ሠራተኛ አራግፎ «አጫሽ ሰውዬ ነው የነዳው፣ ልብሱን ብቻ ቀይሪለት» ብሏት ሄደ። የአጫሽ ወንበር ትንባሆ ይሸታል፤ ይህኛው የሚሸተው የተዘጋ ቦይ ነበር። ስፖንጁ መጣል አለበት ብላ ስልክ ደወለች። «ልብሱን ብቻ» ተባለች። ሁለት ቀን በማራገቢያ አደረቀችው። ከፊት ወንበሮቹ ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች፣ የኤርባጉ ገመድ የሚሰካባቸው፣ አረንጓዴ ዝገት በልቷቸው ነበር፤ አየቻቸው፤ አይታም በአዲስ ቆዳ ሸፈነቻቸው። ከዚያ ሌላ መጣ፤ ከዚያ ሌላ። በጠቅላላው የአሥራ አንድ መኪና ወንበር ሰፋች፣ በመኪና ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር። በገንዘቡ አዲስ የስፌት ማሽን ገዛች። መኪኖቹ ምን ሆነው እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቀችም፤ ያልጠየቀችውም መልሱን ስለምታውቀው ነው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ኒካኖር ቄሱን ለምኖ ወደ መኪና ማቆሚያው አመጣቸው። እኛ ሰፈር ያልተባረከ መኪና ረጅም መንገድ አይሄድም። አራቱም በር ተከፈተ፤ ቄሱ ጸሎታቸውን እያነበቡ ሞተሩ ላይ፣ መሪው ላይ፣ ወንበሮቹ ላይ ጠበል ረጩ። ኦብዱሊያ ይህ መኪና ውኃስ በቅቶት ነበር ብላ አሰበችና በራሷ አፈረች። ከቄሱ ጎን የመኪናው ሻጭ ኤሌዩተሪዮ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ቴዮ ይለዋል። ዩሪዲያን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። ከኒካኖር ጋር አንድ መንደር ተወልደው፣ አንድ ኳስ ተራግጠው፣ ድንበሩን በአንድ ሌሊት የተሻገሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ ሕፃኗ ክርስትና ከተነሳች ቀን ጀምሮ ግን እንደ ደንቡ አንተ መባባሉን ትተው እርስዎ ሆነዋል። አበልጅ እንዲህ ነው። ወንድም ቢጣላ ይታረቃል፤ አበልጅ ከተጣላ ግን ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ ማንም አበልጁን አያስቀይምም።

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ እንዴት አዩት ታዲያ መኪናችንን?» አላት ቴዮ ኮፍያውን አንስቶ።

«ወንበሩ ያምራል» አለች።

ቴዮ ሳቀ። ዓይኑ ግን አብሮ አልሳቀም፤ ወደ ቄሱ ዞር ብሎ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማውራት ጀመረ። ኦብዱሊያ ወንድሟን በክርኑ ይዛ ወደ ዛፉ ጥላ ወሰደችው። «ሊብሬውን አይተኸዋል?» ስትለው ኒካኖር የሰደበችው ያህል ደነገጠ። «አበልጄን? ሊብሬ አሳየኝ ልበለው? በይ ደግሞ መካኒክ ይዤ ልሂድበታ።» ወሬው በዚሁ ተዘጋ። እሷም ሰው ፊት ልትገፋበት አልፈለገችም። ይህን ሰው ታውቀዋለች። ከማያውቀው ሻጭ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ምንጣፉን ገልጦ ያሸታል፣ የስኮርታውን ጉድጓድ በጣቱ ይጠርጋል፣ ቀበቶውን እስከ ጫፉ ስቦ የጭቃ መስመር ይፈልጋል፣ የወንበሩን ቡሎን ዝገት ያያል። እኛ ስለ ጎርፍ መኪና የሚያስተምረን ሰው አያስፈልገንም፤ ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። ከአበልጅ ሲገዛ ግን ይህ ሁሉ እውቀት ነውር ይሆናል።

ምሳ ኒካኖር ቤት ነበር። ሳሎኑ ትንሽ ነው። ሶፋው ፕላስቲኩ አልወለቀለትም፤ ግድግዳው ከወገብ በታች ከላይኛው ትንሽ የሚነጣ ቀለም ተቀብቷል፤ ከሰባት ዓመት በፊት የጎርፉ ውኃ የደረሰበት ልክ ነው። ኒካኖር ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ የገዛው የበሬ ጭንቅላት ሥጋ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። ፓውንዱ አሥራ ስድስት ዶላር ገብቷል ብሎ አማረረ፤ ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ነበር፤ ሰውዬው ደግሞ ጆሮውንም ምላሱንም አብሮ እየመዘነ ነው የሚሸጠው። ዩሪዲያ የበቆሎ ቂጣውን፣ ቶርቲያውን፣ እያሞቀች ታመጣለች፤ ሽንኩርቱን፣ ሎሚውን፣ ቃሪያውን ታቀርባለች። ስለ መንገዱ ተወራ፤ የት ነዳጅ ርካሽ እንደሆነ፣ የትኛው ጋ ፖሊስ እንደሚደበቅ። ኦብዱሊያ አንድ ቶርቲያ ጠቅልላ ሳትበላው ያዘችው። ወንድሟ እያያት ነው። ምን ሆነሻል አይልም፤ እነሱ ቤት እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። እናታቸው የሞተች ቀን እንኳ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተነጋገሩት ስለ ወንበር ኪራይ ነበር።

መኪናው እንዲመለስ አንድ ቃል ይበቃል፤ ያ ቃል ግን የራሷንም ስም ይዞ ነው የሚወጣው። ኒካኖር እሷን እንደ እናት ነው የሚያያት። ሰው ፊት «እህቴ ያበላሸችው ሥራ የለም» እያለ ይምልባታል። አሁን ምን ልትለው ነው? ልጅህ ነገ የምትነዳውን መኪና ጎርፍ እንደዋጠው አውቃለሁ፣ ጭቃውን የሸፈንኩትም እኔ ነኝ ልትለው ነው። ፈራች። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንንም ፈርታ የማታውቀው ሴት ታናሽ ወንድሟን ፈራችው። ቀና ስትል ዩሪዲያ ነጩን የነርስ ልብሷን ተኩሳ በር ላይ ስትሰቅለው አየች። ከዚያ በኋላ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም። ያልበላችውን ቶርቲያ ሳህኑ ላይ መለሰች፣ ከቦርሳዋ የስፌት መተርተሪያዋን አወጣች፣ ወደ ግቢው ወጣች።

የኋላውን መቀመጫ በሁለቱ ጫፍ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው፤ ተነቅሎ ወጣ። ሣሩ ላይ ገለበጠችውና መተርተር ጀመረች። እጇ ለመስፋት የሚፈጥነውን ያህል ለመተርተርም ይፈጥናል። ኒካኖር ሳህኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሴትዮ፣ አብደሻል? ባለፈው ሳምንት የተገዛ መኪና እኮ ነው።»

«ስፌቴን እየተረተርኩ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«የምን ስፌትሽን?»

ቆዳውን ገፈፈችው። ስፖንጁ ከሥሩ እስከ ግማሹ ቡኒ ነው፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው፤ በሁለቱ መሃል በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል መስመር አለ። ጫን ስትለው ደቃቅ ጭቃ ደርቆ እንደ ዱቄት ቦነነ። ሽታው ለመድረስ ትንሽ ቆየ፤ ደረሰ። ኒካኖር ያንን ሽታ ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት የሳሎኑን ግድግዳ በመዶሻ አፍርሶ ከቤቱ ያወጣው ሽታ ነው። ሳህኑን ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ኦብዱሊያ ዩሪዲያን ጠርታ ከፊት ወንበር ሥር በስልኳ መብራት እንድታይ ነገረቻት፤ ልጅቷ በሆዷ ተኝታ አየችና «ሶኬቱ ቢጫ ነው፣ ግን አረንጓዴ ሆኗል፣ አክስቴ። ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«የኤርባጉ ገመድ ነው። ዛሬ ይሠራ ይሆናል። ነገ በሰላም እየነዳሽ ሳለ ፊትሽ ላይ ይፈነዳ ይሆናል። ወይም ስትጋጪ ጭጭ ይላል። የቱ እንደሚሆን ቴዮም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ መኪናውም አያውቅ። ሞተሩም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ ትንፍሽ አይልም፣ ነገ ሃይዌይ መሃል፣ ከኋላሽ ከባድ መኪና እየመጣ፣ ቀጥ ይላል።»

ጎረቤት ሣር የሚያጭድ ማሽን ጮኸ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ። «ስፌትሽ መሆኑን መቼ አወቅሽ?» አላት ኒካኖር።

«ዛሬ ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ።»

«ስትሰፊውስ? ጎርፍ የገባበት መሆኑን አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው» አለች። «አልነገሩኝም፤ ግን አውቃለሁ። አፍንጫ አለኝ። ማን እንደሚቀመጥበት ግን አላሰብኩም። ብቻ የማላውቀው ሰው ነው አልኩ።»

ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። አልሰደባትም። ጎንበስ ብሎ ስፖንጁ ላይ ያለውን መስመር በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ እርጥብ ኮንክሪት ሲፈትሽም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። «እኔም አፍንጫ ነበረኝ» አለ። ከዚያ መቀመጫውን ብቻውን ተሸክሞ አሮጌ ፒክአፑ ላይ ወረወረው። ሦስቱም ፊት ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ኦብዱሊያ መሃል ነበረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀሎላት ነበር።

የቴዮ መኪና መሸጫ ግቢ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገበያው ይደራል። ሕጉ ከቅዳሜና ከእሑድ አንዱን ዝጋ ስለሚል እሱ ቅዳሜ ይዘጋል፤ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሚስትና ልጆቹን ይዞ መኪና ሊያይ ይመጣል። ባንዲራዎች ተንጠልጥለዋል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ለልጆች በረዶ በሽሮፕ በነፃ ይታደላል። ሠላሳ ያህል መኪና ተደርድሯል፤ ሁሉም ታጥቦ ያብረቀርቃል። ኒካኖር የተገፈፈውን መቀመጫ አውርዶ በሩ መሃል አስቀመጠው። ቴዮ ከቢሮው ሲወጣ አየውና ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ። «አበልጄ፣ ምነው፣ ችግር አለ? ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ። አየር ማቀዝቀዣ አለ፣ ቀዝቃዛ ነገር እንጠጣ።»

«ይግቡ እነሱ» አለች ኦብዱሊያ። «እኔ መጀመሪያ ሥራዬን ልይ።»

ወደ መኪኖቹ ሄደች። የመጀመሪያውን በር ከፍታ እጇን ወንበሩ መሃል ሰደደች፤ ዘጋችው። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ዘጋችው። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። «ይሄ የኔ ነው» አለች፤ አልጮኸችም፤ ደንበኛ ፊት ዋጋ እንደምትናገር ሁሉ ጥርት አድርጋ ነው የተናገረችው። በአጠገቡ ከሚስቱ ጋር ቆሞ ጎማ የሚነካ ሰውዬ ዞር ብሎ አያት። አምስተኛው ላይ «ይሄም የኔ ነው» አለች። ሰውዬው «እርስዎ ነዎት የሚሸጡት?» ብሎ ጠየቃት። «የለም ልጄ፣ እኔ ወንበሩን ነው የሰፋሁት። ከጎርፍ ወጥቶ ሲመጣ እኔ ጋ ነበር። ያንን በር ላይ ያለውን ሄደህ አሽትተው፤ የዚህኛው ወንበር ወንድም ነው።» ሰውዬው ሄዶ አሸተተ። ሚስቱን ጠራት። ሚስቱ ልጆቹን ጠራች። ኦብዱሊያ ስትጨርስ ሰባት መኪና ቆጥራ ነበር፤ ግቢው ውስጥ የቀረው ሙዚቃውና የበረዶው ባልዲ ብቻ ነው።

የገባችበት ቢሮ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት መሳቢያ፣ የቅድስት ማርያም ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቴዮ ሕፃኗን ዩሪዲያን ታቅፎ የተነሳው የክርስትና ፎቶ። ቴዮ ላቡን ይጠርጋል። «በሕግ ነው የገዛሁት» አለ። «ጨረታ ላይ ነው። ሊብሬው ከሌላ ግዛት ንጹሕ ሆኖ ነው የመጣልኝ፣ ጎርፍ የሚል አንድም ቃል የለበትም። ውኃ የነካው መኪና ሁሉ ይጣል ወይ? ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፣ ዘይቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። እኔ ራሴ የምነዳው ከዚያው ጨረታ የመጣ፣ ወንበሩ እንኳ ያልተቀየረ መኪና ነው። ሚስቴም እንደዚያው።»

«አንተ አውቀህ ነው የምትነዳው» አለች ኦብዱሊያ። «መንገድ ላይ ቢቆምብህ ለምን እንደቆመ ታውቃለህ። እሷ ግን አታውቅም ነበር።»

ዩሪዲያ እስካሁን በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «አባባ ቴዮ» አለች፣ «ቁልፉን እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ አንድ ነገር ቢደርስብኝስ ብለው አስበው ነበር?» ልጅቷ የጠየቀችው በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ቴዮ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየ። ከመሳቢያው ኒካኖር ባለፈው ሳምንት የሰጠውን ፖስታ እንዳለ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ባንክ እንኳ አላስገባውም ነበር። «ይኸው። ሙሉ ነው። መኪናውን ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። አበልጄ፣ ይህ ነገር በመሃላችን ይለቅ፤ እለምንዎታለሁ።»

ኦብዱሊያ ወንድሟ ፖስታውን አንስቶ የሚወጣ መስሏት ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ልጅቷ ነገ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ኒካኖር ግን ፖስታውን አልነካውም። ወገቡን ይዞ ወንበር ሳበና ቁጭ አለ፤ ወደ እህቱ ዞረ። «በጠቅላላው ስንት መኪና ሰፋሽለት?»

«አሥራ አንድ።»

«እዚህ ሰባት አገኘሽ። የኔ ስምንት። ሦስቱስ?»

ኦብዱሊያ ጆሮዋ ጋለ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ጀምሮ ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ነበር የምታስበው። ቴዮ «የተሸጠ ተሽጧል፣ እሱን ምን ላድርገው፣ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት» ሲል ኒካኖር ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ስማቸውንና አድራሻቸውን ስጠኝ፣ ቴዮ» አለ። ቴዮ ሥራዬን ልትዘጋው ነው አለ። ስንት ቤተሰብ በዚህ ግቢ እንጀራ እንደሚበላ ቆጠረ። ጎርፍ ጠብቀው የተበላሸ መኪና በጅምላ የሚያነሱት ትልልቆቹ ነጋዴዎች ሳይጠየቁ እሱ ብቻ ለምን እንደሚጠየቅ ተናገረ፤ ይህን ሲል ሐሰት አልነበረውም። ኒካኖር ሁሉንም ሰማው። ከወንበሩ ግን አልተነሳም። በመጨረሻ ቴዮ የብረት መሳቢያውን ከፍቶ ሦስት ማኅደር አወጣና አድራሻዎቹን በገዛ እጁ ወረቀት ላይ ገለበጠ። ሲጽፍ ኦብዱሊያ አዘነችለት፤ ማዘኗንም ደበቀችው።

ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። «ደጅ ያሉትን ሰባቱን ደግሞ ነገ ጠዋት ሊብሬያቸውን ይዘህ ራስህ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሄደህ ጎርፍ የገባባቸው ናቸው በል» አለችው። «ለመለዋወጫ ይሸጣሉ፣ አንተም ትተርፋለህ። እኔ የምሄደው ከሰዓት በኋላ ነው። ቀድመኸኝ ብትገኝ ደስ ይለኛል።» ኒካኖር ያኔ ፖስታውን አነሳ። ሲወጡ ቴዮ «አበልጄ» ብሎ ተጣራ። ኒካኖር ዞር አላለም፤ ግን እርምጃው አንዴ ቆም ብሎ እንደነበር ኦብዱሊያ አይታለች። ወንድሟ ለዚያ ሰውዬ ስንት ዓመት እንደሚያለቅስለት እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ እሱም ለማንም አይነግርም።

የመጀመሪያው አድራሻ ሩቅ አልነበረም። ኒካኖር «እኔ ልናገር?» አላት። «የለም፣ ያንተ ሥራ አይደለም» አለችና ብቻዋን ወረደች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቤቱ አነስተኛ፣ አጥሩ አዲስ ቀለም የተቀባ ነው። አንድ ሰማያዊ መኪና በሩ ፊት ቆሟል፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል፤ መስኮቱ ላይ ፀሐይ የሚከልል የዳክዬ ሥዕል ተለጥፏል። ኦብዱሊያ በመስኮቱ አየችና ያንን ወንበር የሰፋችበትን ቀን አስታወሰች፤ ሐሙስ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ ሬድዮ ከፍታ ነበር። በሩን አንኳኳች። ሕፃን የታቀፈች ወጣት ሴት ከፈተችላት።

«ደህና ዋልሽ ልጄ። ኦብዱሊያ ሳላስ እባላለሁ። የመኪናሽን ወንበር የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ፊቷ በራ። «ውይ፣ እርስዎ ነዎት?» አለች፤ ዞር ብላም ወደ ውስጥ ተጣራች፤ «ኤፍሬን፣ ና እስቲ፣ ወንበሩን የሰፉት ሴትዮ መጥተዋል።» ከዚያ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ የኦብዱሊያን እጅ ያዘች። «እጅዎ ይባረክ፣ በእውነት። ሌላ መኪና አይተን ነበር፣ ከዚህ ርካሽ። ባሌ ግን ወንበሩን ሲያይ እንዲህ አሳምሮ የተሰፋ መኪና ውስጡም ደህና ነው አለኝ። ይሄን የገዛነው በእርስዎ ስፌት ነው።»

ኦብዱሊያ ምስጋናውን እስከ መጨረሻው ሰማችው። እጇንም አልነጠቀቻትም። ሴትየዋ ስትጨርስ የመኪናውን ቁልፍ እንድታመጣላት ጠየቀቻት፤ ከቦርሳዋም መተርተሪያዋን አወጣች።